ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ሲሆን፦ በጅማ ክፍሎች ስልክ፣ ፕሮጀክተርና ጠመኔን አብሮ ማሠራት

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት መልካም ጎን ነበረው። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ሙከራውም በሥርዓት የተሠራ ነበር። ትልቁ ጉድለቱ ስርጭቱ ከሳተላይት በቀጥታ ስለሚመጣ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሊያስቆመው አለመቻሉ ነው። ተማሪው አንዷን ቃል በደብተሩ እስኪጽፍ ስክሪኑ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል፤ ጥያቄ ያነሣ ልጅም እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ቪዲዮው በመምህሩ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ማቆሚያውም በእጁ ነው። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚቆም፣ ሲቆም ደግሞ ተማሪው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ካልታሰበበት ግን አዲሱም መሣሪያ ያው ፕላዝማ ሆኖ ይቀራል።

በጓሮ ያለውን በስክሪን አያሳዩ

ጅማ ላይ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር የቡና ቅጠልን ፎቶ በፕሮጀክተር ማሳየት አያስፈልገውም። «ነገ ከጓሮ አንድ አንድ ቅጠል ይዛችሁ ኑ» ቢል ክፍሉ በቅጠል ይሞላል። ስክሪን የሚፈለገው ዓይን ለማያየው፣ እጅ ለማይደርስበት ወይም በ40 ደቂቃ ለማያልቅ ነገር ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ግን ትምህርቱ ይጣፍጣል። ስለ ፈንገስ ሲያስተምሩ የቡና ቅጠል ዝገት የተባለው የፈንገስ በሽታ የያዛቸው ቅጠሎች እንዲመጡ ያድርጉ። ቅጠሉን ከላይ ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ሲገለብጡት ብርቱካናማ ዱቄት ይታያል። ስልክዎን ከቅጠሉ 10 ሴንቲሜትር ያህል ያርቁ። ነጠብጣቡ ላይ ስክሪኑን በጣት ነካ አድርገው ምስሉ እስኪጠራ ይጠብቁ፤ ከዚያ ፎቶ ያንሡ። ጠጋ ብለው ማንሣት አያዋጣም፤ ብዙው ስልክ ከ7 እና 8 ሴንቲሜትር በታች ምስሉን ያደበዝዘዋል። በቂ ርቀት ላይ አንሥቶ በኋላ ፎቶውን ማስፋት ይሻላል።

ከዚያ «ዱቄቱ ለምን ከታች ብቻ ታየ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መልሱ ፈንገሱ ወደ ቅጠሉ የሚገባው በስቶማታ፣ ማለትም ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል መሆኑ ነው፤ የቡና ቅጠል ስቶማታ ደግሞ ያለው በታችኛው ገጽ ነው። ስለ ስቶማታ ባለፈው ወር የተማሩትን ልጆቹ ራሳቸው ከዛሬው ዱቄት ጋር እንዲያገናኙት ጊዜ ይስጧቸው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ ባደረገችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና መልስ የሚሰጡት ልጆች እንደሚበዙ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድ በጸጥታ ሲቆጠር ረጅም ነው፤ በልብዎ ይቁጠሩት። ቅጠሎቹን በመጨረሻ ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ዱቄቱ የፈንገሱ ዘር ስለሆነ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ይውጡ።

ከመጨረሻው ዴስክ የማይነበብ ነገር አልተጻፈም

ስላይድ ሲያዘጋጁ ከላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው አይፍረዱ። ጥሩ መለኪያ የሚሆነው የፊደሉ ቁመት ከተመልካቹ ርቀት አንድ ሁለት መቶኛ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ዴስክ ከግድግዳው 8 ሜትር ከራቀ ፊደሉ 4 ሴንቲሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ምስል ቁመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ ባለ 28 ነጥብ የላቲን ፊደል ወደዚያ ይጠጋል። የግዕዝ ፊደል ግን እግርና ቀለበት ስላለው ቶሎ ይደበላለቃል፤ ሩ እና ሪን፣ ቡ እና ቢን ከሩቅ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከ32 አይውረዱ፤ በአንድ ስላይድ ላይም ከስድስት መስመር በላይ አይጻፉ። ጠመኔም ያው ሕግ አለው፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ከአንድ ክብሪት እንጨት ርዝመት ካነሰ ከኋላ ያሉት ከጓደኛ ደብተር መገልበጥ ይጀምራሉ።

ብርሃንም አለ። መጋረጃ በሌለው ክፍል ረፋድ ላይ የፕሮጀክተር ምስል ይሞታል። ክፍሉን በሙሉ ማጨለም ግን አይገባም፤ ልጆቹ መጻፍ አለባቸው። ምስሉን መስኮት ከሌለበት ወይም ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ላይ ያሳርፉ፤ ለዚያ ግድግዳ የሚቀርበውን መስኮት ብቻ በካርቶን ይሸፍኑ። ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ ይሁን። ጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል በጨለማ ያምራል፤ ብርሃን ባለበት ክፍል ግን ይጠፋል።

ቆርቆሮውን ግን ማሸነፍ አይቻልም። የጅማ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ይመጣል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ሲጀምር ትንሽ ስፒከር ቀርቶ የመምህሩ ድምፅም አይሰማም። ስለዚህ ማንኛውም ቪዲዮ ያለ ድምፅ እንዲያስተምር ሆኖ ይመረጥ። ድምፁን ዘግተው አንዴ ይዩት፤ የሚሆነው ነገር በምስሉ ብቻ ከገባዎ ይያዙት፤ ካልገባዎ ሰው ቆሞ የሚያወራበት ቪዲዮ ነው ማለት ነው፤ ይተዉት። ይህ ለቋንቋውም ይጠቅማል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ በቤታቸውና በሰፈራቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ደግሞ በፍጥነት ይናገራል። ከመክፈትዎ በፊት አምስት ወይም ስድስት ቁልፍ ቃላትን በሦስቱም ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ቅጠል፣ ባላ፣ ሊፍ። ኦሮምኛውን እርግጠኛ ካልሆኑ ክፍሉን ይጠይቁ፤ በደስታ ይነግሩዎታል።

የቪዲዮው ርዝመት ከ3 ደቂቃ አይብለጥ። ከቤት ያውርዱት፤ ክፍል ውስጥ በኢንተርኔት ለመክፈት አይሞክሩ። በ480 ጥራት የወረደ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከ20 ሜጋባይት አይዘልም፤ ለክፍል ግድግዳ ይበቃል። ፍላሽ ላይ አንድ፣ ስልክ ላይ አንድ ቅጂ ይያዙ። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ብዙውን ዓይነት ፋይል ይከፍታል፤ ፍጥነቱንም ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ሁለት አምፖል፣ አራት ፊደል፣ ስድሳ ልጅ

ከሁሉ ይበልጥ የሚክሰው መሣሪያ ከወረቀት የሚሠራ ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ለአራት አጥፈው በየሩቡ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው በማርከር ትልልቅ አድርገው ይጻፉ። ልጁ የመረጠው ፊደል ብቻ ከፊት እንዲታይ አጥፎ ከአገጩ ሥር ይይዘዋል። ከፍ አድርጎ ካነሣው ከኋላ ያሉት አይተው ይገለብጡታል፤ ከአገጭ ሥር ከሆነ የሚታየው ለመምህሩ ነው። የአንድ ደርዘን ደብተር ያህል እንኳ ወጪ የለውም፤ መብራትም አይፈልግም።

አጠቃቀሙን በኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርት እንይ። አንድ አምፖል ከሁለት የባትሪ ድንጋይ ጋር ተያይዞ በርቷል። በዚያው መስመር ላይ እሱን የመሰለ ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ቢገባ ምን ይሆናል? ሀ፣ ለአዎንታዊው ጫፍ የቀረበው ይበልጥ ይደምቃል። ለ፣ ለአሉታዊው ጫፍ የቀረበው ይበልጥ ይደምቃል። ሐ፣ ሁለቱም እኩል ይበራሉ፣ ግን ከመጀመሪያው ይፈዛሉ። መ፣ ሁለቱም እንደ መጀመሪያው ይደምቃሉ። ትክክለኛው ሐ ነው። ብዙ ልጆች ግን ሀን ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያው አምፖል ኤሌክትሪኩን «በልቶ» ለሁለተኛው ትንሽ የሚያስተርፍ ይመስላቸዋል። ምርጫዎቹ የሚጠቅሙት እንዲህ የልጆቹን እውነተኛ ስሕተት ሲይዙ ነው፤ ማንም የማይመርጠው መልስ ቦታ ያጣብባል እንጂ ምንም አይነግርዎትም።

ጥያቄውን ከጻፉ በኋላ ልጆቹ 1 ደቂቃ ዝም ብለው ያስቡበት። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ሁሉም አንዴ ያሳያል። ቀድሞ የሚያወጣ ካለ ክፍሉ ጎበዙን ተማሪ አይቶ ይለውጣል። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባስፋፋው ዘዴ ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በቁጥሩ ነው። ከ60 ልጅ ትክክለኛውን መልስ ያገኙት ከ18 በታች ከሆኑ ነገሩ አልገባቸውም፤ ተመልሰው ያስተምሩ። ከ18 እስከ 42 ከሆኑ መልሱን ሳይናገሩ «ከጎንህ ካለው የተለየ መልስ ካለህ አሳምነው» ብለው 3 ደቂቃ ይስጡ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት የሚቀመጡበት ክፍል ለዚህ ይመቻል። ከ42 በላይ ካገኙት በአጭሩ አስረድተው ይለፉ። ቁጥሩን አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም፤ የክፍሉ ሲሶ፣ ግማሽ፣ አብዛኛው ብሎ በዓይን መገመት ይበቃል። ከክርክሩ በኋላ ድጋሚ ያስመርጡ።

መልሱ የሚገለጠው አሁን ነው፤ ስክሪኑም የሚከፈተው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። እውነተኛ አምፖል ካለ እሱ ይቅደም። ሁለት ችግሮች ግን ብዙ መምህራንን ያሳፍራሉ። አንደኛው፣ ሁለቱ አምፖሎች ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ እኩል አይበሩም፤ ትምህርቱም ተገልብጦ ያርፋል። ከአንድ እሽግ ይግዙ፤ ቦታቸውን እየለዋወጡም አስቀድመው ይሞክሩ። ሁለተኛው፣ መርካቶ የሚሸጠው የእጅ ባትሪ አሁን በብዛት ኤልኢዲ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ብቻውን 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ሁለቱን በተከታታይ በሁለት ድንጋይ ቢያያይዟቸው ጭራሽ አይበሩም። የሽቦ አምፖል ካልተገኘ ፌት (PhET) የተባሉትን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የኮምፒውተር ማሳያዎች ይጠቀሙ። ፋይሉ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። ላፕቶፑን ራስዎ አይንኩ፤ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ ሐሳቡን የቀየረ ልጅ ወጥቶ አምፖሉን ያያይዝ።

ስልክ ተጠቅሞ መልስ የሚቆጥር ፕሊከርስ የሚባል መተግበሪያም አለ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁጥር ያለው ጥቁር ምልክት የታተመበት ካርድ ይይዛል፤ ካርዱን በማዞር ይመርጣል፤ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የማን መልስ ምን እንደሆነ ይመዘገባል። ትልቁ የካርድ ስብስብ 63 ካርድ ስላለው ለ60 ልጅ ይደርሳል። ካርዱን በሚያብለጨልጭ ላስቲክ አይሸፍኑት፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም።

መብራት ሲሄድ

እቅዱ ሲጻፍ በአንድ በኩል መብራት ሲኖር፣ በሌላው በኩል ሳይኖር የሚሠራው ይጻፍ። ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ስልክ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል። አምፖል ያለው የተለመደ ፕሮጀክተር ግን ከ200 ዋት በላይ ስለሚበላ አያስነሣውም።

ፕሮጀክተሩ እየሠራ መብራት ቢሄድ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። ወዲያው ሶኬቱን ይንቀሉ። መብራቱ ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ አምፖሉ ጋል እንዳለ መልሰው አያብሩ፤ 10 ደቂቃ ይረፍ። በደኅናው ጊዜም ማጥፊያውን ተጭነው ማራገቢያው እስኪቆም ሳይጠብቁ ገመዱን አይሳቡ። በዚህ የሚሞት ፕሮጀክተር በጣም ያሳዝናል፣ በ2 ደቂቃ ትዕግሥት የሚድን ነበርና።

ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ትምህርቱ አይቋረጥም። 15 ኢንች ስክሪን ለ60 ልጅ አይታይም፤ ለስድስት ግን ይበቃል። ክፍሉን ለአሥር ቡድን ከፍለው አንዱ ቡድን ለ3 ደቂቃ ላፕቶፑ ጋ ይምጣ፤ ሌሎቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ ይሥሩ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥሩን ማዳረስ ያስቸግራል። አምስቱን ዛሬ፣ አምስቱን በሚቀጥለው ጊዜ ያድርጉና የቀሩት እነማን እንደሆኑ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ ከኋላ የሚቀመጡት ሁሌ ይቀራሉ።

ቴሌግራም

ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ማታ የሚላከው ስቲከር የቤት ሥራውን ይቀብረዋል። የዕለቱን ሰሌዳ ከማጥፋትዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ይላኩ፤ ሲያነሡ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ አለበለዚያ መሐሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ማብራሪያ ካስፈለገ ከቪዲዮ ይልቅ የ2 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይላኩ፤ ዳታው ትንሽ ነው፣ ልጁም ደብተሩን ከፍቶ ደጋግሞ ይሰማዋል። ከመጽሐፍ ገጽ የተነሡ ፎቶዎችን ወደ አንድ ፒዲኤፍ ሰብስበው ከ3 ሜጋባይት በታች ያድርጉት።

ውጤት ከነስም አይለጥፉ። የተማሪን ደብተር ፎቶ ለማስተማሪያ ከተጠቀሙም ስሙን በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ያንሡ። በቻናሉ ብቻ በተላከ ሥራ ላይ ማርክ አይያዙ፤ ስልክ የሌለው ልጅ፣ ወይም የቤቱ አንድ ስልክ አባቱ ይዞት የሚውልበት ልጅ አለ። ለእነዚህ ያንኑ ጥያቄ በማግሥቱ ጠዋት ከክፍሉ በር አጠገብ ለጥፈው ያቆዩላቸው፤ ማስረከቢያውንም በአንድ ቀን ያራዝሙ።