የፓይለቶችን ቅሬታ የሚይዝ የማኅበር ተወካይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ ባለችው ጠባብ የማኅበር ቢሯችን የአብራሪዎችንና የሌሎች የአቪዬሽን ሠራተኞችን ቅሬታ ስቀበል ብዙ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። በየምርጫው የሚመጡት አዳዲስ ተወካዮች ትጋታቸው ልብ ያሞቃል፤ የሚሰናከሉት ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን የሥራ ማቆም አድማ ከማይፈቀድባቸው እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ጋር ስለመደበው፣ በእጃችን ያለው ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው ኅብረት ስምምነትና እሱን በሕግ መንገድ ማስከበር ነው። ስለዚህ የሥነ ሥርዓት ስህተት በእኛ ዘርፍ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከአሠሪው ጋር ንግግር እየተካሄደ ሳለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ አይቆጠርም ብሎ ማመን ነው። የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክሱን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉትን ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሰው ሀብት ኃላፊው ጋር ቡና መጠጣት፣ «እያየነው ነው» የሚል የስልክ መልስ መቀበል፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ማመልከቻ መጻፍ ቆጠራውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ወይም አዋጁንና ኅብረት ስምምነቱን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ሲቀርብ፣ አለዚያም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ሲያምን ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው እንጀራ ነው። በተወካይነቴ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ከአንድ አነስተኛ የግል የበረራ ድርጅት የተሰናበተ ረዳት አብራሪ መጣ፤ ማስረጃው ጠንካራ ነበር። አለቆቹ «ከፋሲካ በኋላ እንጨርሰዋለን» ሲሉኝ አመንኳቸው፣ እሱንም «ታገሥ ወንድሜ፣ ነገሩ በስምምነት ያልቃል» አልኩት። ፋሲካ አለፈ፣ ሰኔ ገባ። ክሱን ስናቀርብ አሠሪው ስለ ስንብቱ ሕጋዊነት መከራከር እንኳ አላስፈለገውም፤ የይርጋ መቃወሚያው ብቻ በቃው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለልጁም ለወላጆቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የክሱን የመጨረሻ ቀን በመዝገቡ ሽፋን ላይ በቀይ ሳልጽፍ አንድም ጉዳይ አልቀበልም። ኅብረት ስምምነቱ ለእያንዳንዱ የቅሬታ ደረጃ ያስቀመጠው የቀን ገደብ ደግሞ ለብቻው ስለሚቆጠር፣ ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

የግልና የወል የሥራ ክርክርን አለመለየትም ብዙ መዝገብ አዘግቷል። የአንድ አብራሪ ስንብት ወይም ያልተከፈለው ደመወዝ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲሆን፣ የኅብረት ስምምነቱ አንቀጽ እንዴት ይተርጎም ወይም የዕድገት አሰጣጡ ሥርዓት ምን ይሁን የሚለው የሁሉም አባላት ጥያቄ ወደ አስማሚና ወደ ሥራ ክርክር ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። በአሜሪካም ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየር መንገዶችን በሚገዛው የባቡር ሠራተኞች ሕግ መሠረት አዲስ ውል የመዋዋል ክርክርና ያለውን ውል የመተርጎም ክርክር በየራሳቸው መንገድ ይታያሉ፤ ሁለተኛው የሚዳኘው የማኅበሩና የኩባንያው ሰዎች አብረው በሚቀመጡበት ቦርድ ነው።

ስለ ግፍ ሁለት ገጽ ጽፎ የተጣሰውን አንቀጽ ቁጥር አለመጥቀስ ደብዳቤውን ከንቱ ያደርገዋል።

ደካማ ጉዳይ ይዞ የመጣን አባል በተስፋ መሸኘትም ደግነት አይደለም። እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ስጡት።

ሌላው፣ አባሉን እንቢ እንዲል መምከር ነው። የበረራ ምደባው ስምምነቱን ይጥሳል ያለ አብራሪ አልሄድም ካለ፣ ክርክሩ ከስምምነቱ ወጥቶ ትእዛዝ ባለመቀበሉ ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዝግቦ ይብረር፣ ቅሬታውን እኛ እንከተላለን። ደክሞኛል ወይም ታምሜአለሁ የሚል አብራሪ ግን ጉዳዩ ፍጹም ሌላ ነው፤ የመንገደኞች ሕይወት አለበትና ለበረራ ብቁ አለመሆኑን ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ እርዱት እንጂ ማንም እንዲገፋው አትፍቀዱ። የዚያን ዕለት የበረራ ፕሮግራም፣ ያረፈበትንና ለሥራ የተጠራበትን ሰዓት ከሚያሳየው ሰነድ ጋር፣ በዚያው ቀን ቅጂው እጃችሁ ይግባ፤ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ የመጀመሪያውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።