ብልጭ ድርግም የሚለው ኮከቡ ነው ወይስ ካሜራው?

ከጎረቤቱ ጋዝ የሚስብ ነጭ ድንክ ኮከብ (ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ የኮከብ ቅሪት) ብርሃኑ አይረጋም። በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ደመናም ሆነ ቴሌስኮፕ ግን ይህንኑ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ኮከቡን በተከታታይ ፎቶ አንስታችሁ ድምቀቱን በግራፍ ስታስቀምጡ ግን መለየት ይቻላል።

ግራፉ ይዘላል

እዚያው ፎቶ ላይ ያሉ፣ በድምቀት ከኮከባችሁ የሚቀራረቡ ሁለት የማይለዋወጡ ኮከቦችን እርስ በርስ አነጻጽሩ። የእነሱም መስመር ከዘለለ ጥፋተኛው ደመናው፣ የአየሩ መናወጥ ወይም የብርሃን ማነስ ነው። ጥርት ያለ ሌሊት ጠብቁ፤ ብርሃን ካነሰ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ) ጨምሩ። የእነሱ ቀጥ ብሎ የኮከባችሁ ብቻ ከዘለለ ግን እውነተኛ ነው። ጋዙ በነጩ ድንክ ዙሪያ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ዲስክ ሆኖ ይሽከረከራል፤ በዲስኩ ውስጥ ወደ ድንኩ የሚፈሰው እኩል እኩል አይደለም። ከጎረቤቱ የሚመጣው ጅረት ዲስኩን የሚመታበት ቦታም ይንቦገቦጋል። እባካችሁ ግራፉ እንዲያምር ብላችሁ በአማካይ አታለስልሱት። የምንፈልገው ዝላዩኑ ነው!

በየጥቂት ደቂቃው የሚደጋገም ሞገድ

መጀመሪያ የቴሌስኮፑን መከታተያ ጥርስ ጠርጥሩ። የጥርሱ ዙር ኮከቡን በፒክስሎች ላይ ወዲያ ወዲህ ያንሸራትተዋል። የኮከቡን ቦታ ከድምቀቱ ጎን አስቀምጡ፤ አብረው ከሄዱ ሞገዱ የጥርሱ ነው። የፍላት ፎቶ (የፒክስሎችን ልዩነት ለማረም የሚነሳ፣ እኩል የበራ ገጽ ፎቶ) እና ጥሩ ጋይዲንግ (ቴሌስኮፑ ኮከቡን ሳይስት እንዲከተል ማረም) ያስተካክሉታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፣ በፎቶዎቹ መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት፣ የበለጠ ያታልላል። ከእነዚህ ኮከቦች አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የፈነዳውን ዲኪው ሄርኩሊስን እንውሰድ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሜርል ዎከር በ1950ዎቹ ብርሃኑ በየ71 ሰከንዱ እንደሚመታ አገኘ። ይህን ኮከብ ሳታቋርጡ በ60 ሰከንድ ኤክስፖዠር ብታነሱት በግራፉ ላይ የሚቀረው ምት ከእውነተኛው መጠኑ አንድ አምስተኛ በታች ነው። የተረፈው ደግሞ 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚረዝም የውሸት ሞገድ ሆኖ ይመጣል። መፍትሄው ኤክስፖዠሩን ወደ 10 ሰከንድ አካባቢ ማውረድ ነው። ትርምሱ ይጨምራል፣ ግን ምቱ ይተርፋል። ስትጠራጠሩ በፎቶዎቹ መካከል ያለውን የጊዜ ክፍተት ቀይሩ፤ የውሸት ሞገድ አብሮ ይቀየራል።

ቀስ እያለ የሚያዘነብል መስመር

እነዚህ ኮከቦች ብዙዎቹ ሰማያዊ ናቸው። ማነጻጸሪያችሁ ቀይ ከሆነ ኮከቦቹ ወደ አድማስ ሲወርዱ አየሩ ሰማያዊውን አብዝቶ ይውጠዋል። በቀለም የሚቀርብ ማነጻጸሪያ ምረጡ።

ትናንት የተገኘው ፔሬድ (የድግግሞሽ ጊዜ) ዛሬ ጠፋ

ሥርዓት የሌለው ብልጭ ድርግም አንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የተደጋገመ ሊመስል ይችላል። በተለያዩ ሌሊቶች በዚያው የጊዜ ርዝመት ካልተደጋገመ ፔሬድ አትበሉት።