በሴከንድ ላይፍ አህጉሮች ላይ በመኪና እንዴት ይዞራል?

ሴከንድ ላይፍ በተባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ውስጥ ብዙ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በቴሌፖርት ነው። አንድ ክሊክ ያደርጋል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሌላ ቦታ ይገኛል። ፈጣን መሆኑ አይካድም። ግን እንዲህ እየዘለለ ለዓመታት የኖረ ሰው፣ የሚወዳቸው ሁለት ቦታዎች ጎን ለጎን መሆናቸውን እንኳ ላያውቅ ይችላል። የአህጉሩ መልክ የሚገባችሁ በመንገዱ ስትሄዱበት ነው። ተራራው የት እንደሚያልቅ፣ ባሕሩ ከየት እንደሚጀምር፣ መንደሩ ከጫካው እንዴት እንደሚያያዝ የምታዩት ያኔ ነው። እስካሁን ሞክራችሁት ካላወቃችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል።

ዓለሙን እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ሊንደን ላብ የተባለው ኩባንያ ነው። ቤቱን፣ ሱቁን፣ የአትክልት ቦታውን በአብዛኛው የሠሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዋና ዋና መንገዶቹ ግን የኩባንያው ናቸው። ብዙዎቹን የሚሠራውና የሚጠግነው የሊንደን የሕዝብ ሥራዎች ክፍል ነው፤ ሠራተኞቹ ሞሎች ይባላሉ። የመንገዱን መሬት ባለቤት ብታዩ ብዙ ጊዜ ገቨርነር ሊንደን የሚል ስም ታገኛላችሁ። ስለዚህ በነዚህ መንገዶች ላይ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳይከፍል መንዳት ይችላል። ነፃ አካውንትም ይበቃል።

መጀመሪያ አህጉር ምረጡ

ለጀማሪ ሄትሮሴራን ነው የምመክረው። ይህ አህጉር መሀሉ ባሕር የሆነ ቀለበት ነው። አቶል ሮድ የሚባለው መንገድ ቀለበቱን ይዞ ስለሚሄድ መጥፋት ይከብዳል፤ ገፍታችሁ ከሄዳችሁ ወደ ተነሳችሁበት ትመለሳላችሁ። መንገዱ ኮረብታ ይወጣል፣ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ከባቡር ሐዲድ ጋር ይገናኛል። ሐዲዱ እውነተኛ አገልግሎት ያለው ነው፤ የሴከንድ ላይፍ ባቡር መስመር ይባላል። ባቡር ያላቸው ነዋሪዎች ይሄዱበታል፤ ስለዚህ ስታቋርጡ ግራ ቀኝ እዩ። በሐዲዱ ላይ ያለችው ካሌታ ለእረፍት ጥሩ ቦታ ናት። በጭነት ባቡር ተሳፍረው የሚዞሩ መንገደኞች የሰፈሩባት ሠፈር ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ሰውም አይጠፋባትም። የሄትሮሴራ ብዙ ሪጅኖች (አህጉሩ የተከፋፈለባቸው ካሬ ቁራጮች) ስማቸውን የወሰዱት ከእሳት እራት ዝርያዎች ነው፤ በየድንበሩ የሚለዋወጡትን ስሞች ማንበብ ራሱ ደስ ይላል።

ሳንሳራ ከሁሉም አሮጌው አህጉር ነው። በሰሜን በኩል በረዷማ አካባቢ አለው፤ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታም ይለዋወጣል። የቀድሞ ነዋሪዎች የሠሯቸው ነገሮች ከአዳዲሶቹ ጋር ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ ታሪክ የሚወድ ሰው መጨረሻ ላይ እዚያው መሄዱ አይቀርም። ኮርሲካ ሰርኪዩ ላ ኮርስ የሚባል የራሱ ዙሪያ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ቤሊሴሪያ ደግሞ ንጹሕና የተስተካከለ ነው፤ ቤቶቹ በየሠፈሩ አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው አነዳዱ ይቀላል፣ ያልተጠበቀ ነገር ግን ያንሳል። ዚንድራ ለአዋቂዎች ብቻ የተከለለ ነው።

ካርታውን አጽዱት

ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤምን ስትጫኑ ትልቁ ካርታ ይከፈታል። መጀመሪያ ስታዩት ምልክቱ ስለሚበዛ መንገዱ አይለይም። በጎን በኩል ያሉትን ምርጫዎች አጥፉ፤ በተለይ የሚሸጥ መሬት የሚያሳየውን ቢጫ ቀለም። ያኔ መንገዶቹ እንደ ቀጭን ክር ይወጣሉ። አረንጓዴ ነጥቦቹን ግን አታጥፉ። እነሱ ሰዎች ናቸው። ነጥቦች የታጨቁበት ሪጅን ላግ (መንቀራፈፍ) ሊኖረው ስለሚችል፣ ሌላ መንገድ ካለ አዙሩ።

ለመጀመሪያ ጉዞ መላውን አህጉር አታስቡ። ከስምንት እስከ አሥር ሪጅን የሚያልፍ አንድ ቁራጭ መንገድ ይበቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን አቅርባችሁ መንገዱን በዓይናችሁ ተከተሉት። የት ላይ ይታጠፋል? ድልድይ አለው? መሀል ላይ ተቆርጦ የቀረበት ቦታ አለ? አንዳንድ መንገድ በእርግጥም ድንገት ያልቃል። ከወዲሁ ካያችሁት አትበሳጩም።

አቫታራችሁን አቅልሉ

አቫታር ማለት እዚያ ዓለም ውስጥ እናንተን የሚወክለው ምስል ነው። እሱን ማቅለሉን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ መኪናው ተበላሸ ብሎ ያማርራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አህጉሩ አንድ ወጥ መሬት ይመስላል እንጂ 256 በ256 ሜትር በሆኑ ሪጅኖች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱን ሪጅን የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ፕሮግራም ነው። ድንበር ስትሻገሩ አንዱ እናንተን፣ መኪናችሁን፣ የለበሳችሁትን ሁሉና በውስጡ የሚሠሩትን ስክሪፕቶች (ዕቃዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ጠቅልሎ ለሌላው ያስረክባል። ጓዙ በበዛ ቁጥር ርክክቡ ይዘገያል።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ብትነዱ በሴከንድ 20 ሜትር ትሄዳላችሁ። በቀጥታ መንገድ ላይ በየ13 ሴከንዱ ገደማ አንድ ድንበር ትሻገራላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጓዛችሁን መቀነስ ትርፉ ትልቅ ነው።

ስክሪኑ ላይ የምትለጥፏቸውን መቆጣጠሪያዎች፣ ማለትም ሃዶችን፣ አውልቁ። የእግር አረማመድ የሚቀይረውን መሣሪያም እንዲሁ፤ ተቀምጣችሁ ስትነዱ አያስፈልጋችሁም። ከዚያ ልብሳችሁን ፈትሹ። የራሳችሁን ስክሪፕቶች የሚያሳየውን መስኮት ክፈቱ፤ የትኛው ዕቃ ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያልጠረጠራችሁት ነገር ነው፤ አሮጌ ፀጉር ወይም ጫማ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ለማስተካከል የተጨመረ ስክሪፕት በየቁራጩ ውስጥ ተሰግስጎ ይቀራል። አንዳንዱ ዕቃ ስክሪፕቱን የሚያጠፋ ምርጫ አለው፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ። በኋላ መጠኑን መቀየር ልትፈልጉ ትችላላችሁ። ለጉዞ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ አለባበስ በአንድ አውትፊት ሴቭ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ከዚያ በኋላ አንድ ክሊክ ነው።

ኮምፒውተራችሁንም አግዙት። ግራፊክስ ውስጥ ድሮው ዲስታንስ የሚባለው፣ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚታያችሁ የሚወስነው ነው። እስከ 512 ሜትር ይሄዳል። ስትነዱ ከ96 እስከ 128 አካባቢ አድርጉት። ስትቆሙ ከፍ አድርጉት፤ ያን ጊዜ ተራራው ሁሉ ይገለጥላችኋል።

መኪናውን የምታወጡበት ቦታ

መኪና ከኢንቬንተሪ (ከዕቃ ማከማቻችሁ) ወጥቶ መሬት ላይ የሚቀመጠው ባለቤቱ በፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው። መንገዱ ራሱ ብዙውን ጊዜ አይፈቅድም። የምትፈልጉት ሬዝ ዞን የሚባሉትን ነው፤ በመንገድ ዳር እንደ መኪና ማቆሚያ ሆነው ይገኛሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ምልክት አላቸው። ስታገኙ ወዲያው ላንድማርክ ያዙ፤ ይኸውም ተመልሳችሁ የምትመጡበትን የቦታውን አድራሻ ነው። የሬዝ ዞን ላንድማርኮች የተጠራቀሙበት ፎልደር ለመንገደኛ ከመኪናው በላይ ይጠቅመዋል።

ለመኪናው ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። ማርኬትፕሌስ በሚባለው የሴከንድ ላይፍ የኢንተርኔት ገበያ ላይ በነፃ የሚሰጡ ሞልተዋል። ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ፦ ኮፒ የሚደረግ ይሁን፣ ትንሽም ይሁን። ኮፒ የሚደረግ መኪና መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላ ታወጣላችሁ። ትንሽ መኪና ደግሞ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከመንገዱ አይወጣም። ሞተር ሳይክል ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ።

መኪናውን ከኢንቬንተሪ መሬቱ ላይ ጎትታችሁ ጣሉት፣ በቀኝ ክሊክ ተቀመጡበት፣ በቀስት ቁልፎች ንዱ። በብዙ መኪናዎች ማርሹ የሚቀየረው በፔጅ አፕ እና በፔጅ ዳውን ነው።

ድንበር አሻጋገር

ጉዞው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ትንሿን ካርታ ከፍታችሁ አስቀምጡ፤ የሪጅኑ ድንበር ሲቀርብ ታያላችሁ። ማርሹን ዝቅ አድርጉ። በተቻለ መጠን መስመሩን ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ። ልክ ከመሻገራችሁ በፊት ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ፤ መኪናው በራሱ ግፊት ይለፍ። ቁልፍ እንደተጫናችሁ ከተሻገራችሁ አዲሱ ሪጅን ትእዛዙን ይዞ ሊቀርና መኪናው ማቆሚያ አጥቶ ሊከንፍ ይችላል።

ከተሻገራችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሴከንድ ምንም ነገር አትንኩ። አንዳንዴ አቫታሩ ከመቀመጫው ወጣ ብሎ፣ አየር ላይ ተቀምጦ ይታያል። አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። በዚያ ቅጽበት ደንግጦ መሪውን ማወዛወዝ ነው ነገሩን የሚያባብሰው።

በጣም መጥፎው ቦታ አራት ሪጅኖች የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። እዚያ ላይ በሰያፍ ካለፋችሁ በአንድ ሴከንድ ውስጥ ሁለት ርክክብ ይደራረባል። መንገዱ በማዕዘን በኩል የሚያልፍ ከሆነ ቁሙ፣ አንዱን ድንበር ተሻገሩ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ተሻገሩ። ተሳፋሪ ከጫናችሁ ደግሞ የበለጠ ዝግ በሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጓዝ አለው።

መኪናው ከጠፋ ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው አደጋ ነው ብላችሁ አታስቡ። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በኋላ ኢንቬንተሪያችሁ ውስጥ ሎስት ኤንድ ፋውንድ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። አቫታራችሁ አልንቀሳቀስ ካለ ተነሱ፤ እምቢ ካለ ወደ መጨረሻው ላንድማርክ ቴሌፖርት አድርጉ፤ ያም ካልሆነ ወጥታችሁ ግቡ።

የሰው ግቢ

መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ግን የሰው ነው። አንዳንዱ ባለቤት ግቢውን ዘግቶታል። ስትቀርቡ መግባት ክልክል የሚሉ ቀያይ መስመሮች አየር ላይ ይታያሉ። ካልታዩ በዎርልድ ማውጫ ውስጥ ባን ላይንስ የሚለውን አብሩ። ከመስመሩ ጋር የተጋጨ መኪና ግድግዳ እንደነካ ነው የሚቆመው። ሌላው ደግሞ የጥበቃ መሣሪያ ያስቀምጣል፤ ማስጠንቀቂያ ይልክና ካልወጣችሁ ያስወጣችኋል፣ አንዳንዱም ቀጥታ ወደ ቤታችሁ ይልካችኋል። ማስጠንቀቂያ ስታዩ አትከራከሩ፣ ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። መታጠፊያዎች ላይ ጎማችሁ ከመንገዱ እንዳይወጣ ማድረግ ብቻ አብዛኛውን ጣጣ ያስቀራል።

ቁሙና እዩ

ከመንዳቱ ይልቅ የምወደው መቆሙን ነው። ድልድይ ላይ፣ የኮረብታ ጫፍ ላይ፣ ዋሻ አልፋችሁ ስትወጡ ቁሙ። ድሮው ዲስታንሱን ከፍ አድርጉና ነገሩ ሁሉ ተስሎ እስኪያልቅ ታገሡ። ኦልት ቁልፍን ይዛችሁ በማውስ ካሜራውን አዙሩ። ዓይናችሁ ከአቫታሩ ርቆ ሸለቆ ውስጥ መግባት ይችላል።

ብርሃኑ ብዙ ነገር ይቀይራል። በነባሪው የሰዓት ዑደት ቀኑና ሌሊቱ በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ 3ቱ ሰዓት ቀን፣ 1ዱ ሰዓት ሌሊት ነው። ግን መጠበቅ የለባችሁም። በዎርልድ ማውጫ ውስጥ ኢንቫይሮመንት ገብታችሁ የፀሐይ መውጫን ወይም መግቢያን ብትመርጡ ለእናንተ ብቻ ይቀየራል። የበረዶ አካባቢን በንጋት ብርሃን፣ የሄትሮሴራን የውስጥ ባሕር ደግሞ በፀሐይ መግቢያ እዩት። ከዚያ ሼርድ ኢንቫይሮመንት ወደሚለው መልሱት፤ አንዳንድ ባለመሬት ለቦታው ብሎ ያዘጋጀው ሰማይ አለ፣ እሱ እንዳያመልጣችሁ። ፎቶ ለማንሳት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ።

መንዳት የማይሆንላችሁ ከሆነ ያቫስክሪፕት ፖዶች አሉ። በመንገድ ዳር ካሉ ማቆሚያዎች የሚነሱ፣ የተዘጋጀላቸውን መስመር ተከትለው በራሳቸው የሚሄዱ ናቸው። ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው። አዲስ አህጉር ላይ መጀመሪያ በፖድ ዞሮ፣ ደስ ያሉትን ቦታዎች ላንድማርክ ይዞ፣ ከዚያ በራስ መኪና መመለስ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። በእግር መሄድም አይናቅ፤ ድንበር ላይ የሚያስቸግረው በአብዛኛው መኪናው ነው፣ በእግር ስትሆኑ በቀላሉ ታልፋላችሁ።

ስትጨርሱ መኪናውን መንገድ ላይ ጥላችሁ አትውጡ፤ በቀኝ ክሊክ ቴክ ብላችሁ ወደ ኢንቬንተሪ መልሱት። የቆማችሁበትን ቦታ ላንድማርክ ያዙና ስሙን ቀይሩት፤ የሪጅኑን ስም፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሚቀጥል፣ ቅርብ ያለው ሬዝ ዞን የት እንደሆነ ጻፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ሬዝ ዞን ትነሳላችሁ።