ማተብህን ከፈታህ በኋላ እንዴት ትሥላለህ?

መጀመሪያ አትሣል። የምሬን ነው። እኔ ማተቤን የፈታሁ ሰሞን የሠራሁት ሁሉ ቄስ ነበር። ሆዳም ቄስ፣ ሰካራም ቄስ፣ ጥምጣሙ ውስጥ ብር የደበቀ ቄስ። ዛሬ ሳያቸው አፍራለሁ። የፈለግኩትን ልሥል ብዬ ወጥቼ ከበፊቱ ይልቅ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስሥል ከረምኩ። ስለዚህ ንዴቱ እስኪበርድልህ ቀለሙን ተወው፤ ጣና ዳር ተቀመጥና በእርሳስ ያየኸውን ብቻ ንደፍ፤ ታንኳውን፣ ደንገሉን፣ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች።

ከዚያ እጅህን መርምር። አንተ ብትወጣም እጅህ አልወጣም። አፍህም እንደዚያው ነው፣ እኔ እስካሁን ስደነግጥ «ማርያምን!» እላለሁ።

በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግባ። ጫማህን አውልቅ፣ መግቢያውን ክፈል፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፤ አለማመን ለብልግና ፈቃድ አይሰጥም። የመቅደሱን ግድግዳ ቀስ ብለህ ዙረው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ወደ አንተ አዙሯል፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉው ሰው በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ርቀት የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ አንዱ ከሌላው ገዝፎ የሚሣለው ቅርብ ስለቆመ ሳይሆን ክብሩ ስለሚበልጥ ነው። እዚህ አካባቢ ያደግን ሰዎች ሥዕልን መጀመሪያ ያየነው እንዲህ ስለሆነ፣ ደንቡ ማንም ሳያስተምረን እጃችን ውስጥ ገብቷል። እኔ ይሄን ያወቅኩት የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው፦ እህቴን ስንጣላ በጎን፣ ስንታረቅ ፊት ለፊት ስሥላት ኖሬያለሁ።

አሁን ደንቡን አፍርስ፣ ግን አንድ በአንድ። የምትወደውን ሰው በአንድ ዓይን ሣለው። የምትጠላውን ፊት ለፊት አምጣው፣ ሁለት ዓይን ስጠው (ይሄ ከባድ ነው፣ ሳትፈልግ ታዝንለታለህ)። የብርሃኑን አክሊል ከመልአኩ አንስተህ ለባጃጅ ሹፌር ደፋለት፤ ቀልድ ከመሰለብህ ግን አጥፋው። የሚያምረውን ደግሞ አትጣል። የብራናው ጌጥ ሐረጉ፣ ቢጫው፣ ወፍራሙ ጥቁር መስመር ያንተም ርስት ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ልጅ ነበር፤ «ጎልጎታ»ን ሲሠራ ስቅለቱን አልሸሸውም፣ ከብራናው ሥዕል በጣም በራቀ መንገድ ሠራው እንጂ። ማመን አለማመኑ የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ እጁ ነው።

የእንጀራ ነገርም አለ። የባሕር ዳር ቱሪስት የሚገዛው ብራና ላይ የተሣለ መልአክ ነው። ሳላምን ልሽጥ? እኔ እሸጣለሁ። ገዢው ሥዕሌን እንጂ እምነቴን አልገዛም። ለቤተ ክርስቲያን ሣል ሲሉኝ ግን እምቢ እላለሁ፣ እዚያ ሰው ይሰግድበታል።

የመጨረሻው ስለ ቤተሰብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብህን በሥነ ጥበብ ጭምር የመግለጽ ነፃነት ሰጥቶሃል። እናትህ ግን አንቀጽ አትጠቅስም። ሥዕሉን ከመስቀልህ በፊት አንተው ንገራት። እኔ ሳልነግራት ጎረቤት ቀደመኝና አንድ ሁዳዴ ሙሉ ሳታናግረኝ ቀረች። ለፋሲካ ስትመጣ ቡና ስታፈላ የሣልኳትን ሸራ አየችው፣ በጎን ነው የሣልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ብዙ ቆመች።

«ምነው ልጄ» አለችኝ፣ «ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»