ኤም ጂ ቢን በሮቨር ቪ8 ሞተር መለወጥ፦ ከሞተሩ የሚቀድመው ሥራ

በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 የተመረተችው ኤም ጂ ቢ የስፖርት መኪና አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በ1,798 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ፋብሪካው ራሱ ግን ከ1973 እስከ 1976 ድረስ ቋሚ ጣሪያ ባላት ጂቲ ላይ 3,528 ሲሲ የሮቨር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ገጥሞ 2,591 መኪኖች ሠርቷል። ይህ ሞተር አሉሚኒየም በመሆኑ ክብደቱ ከነባሩ ብዙም አይበልጥም፤ ዛሬም ለዚህች መኪና ተመራጭ የሆነው ስለዚህ ነው።

ሞተር ከመግዛትዎ በፊት ላሜራውን ይመርምሩ። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ስለሌላት አካሏን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው የላሜራ ሳጥን ነው፤ ዝገት የሚጀምረውም ከዚያው ነው። በሚያብረቀርቅ ቀለም አይታለሉ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሳጥኑ ላይ ቀስ ብለው ያንሸራቱት፤ ድንገት የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ቀጥሎም መኪናዋን በክሪክ በጥቂቱ ከፍ አድርገው በሮቹን ይክፈቱና ይዝጉ፤ በሩ ከተጣበቀ አካሉ ጎብጧል ማለት ነው። ሳጥኑን ሲቀይሩ፣ በተለይ ጣሪያ የሌላት ከሆነች፣ በበሩ ክፍተት ላይ የብረት ድጋፍ በይደው አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን አይቁረጡ፤ ከእያንዳንዱ ብየዳ በኋላም በሩ እንደ ቀድሞው መዘጋቱን ያረጋግጡ። ይህ ሥራ አሰልቺና ረጅም ነው፤ ነገር ግን በደከመ አካል ላይ ጉልበት መጨመር አደገኛ ስለሆነ እንዳይዘለል አጥብቄ እመክራለሁ።

ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት፣ ከጎማ የተሠራ የፊትና የኋላ የግጭት መከላከያ ያላቸው መኪኖች የሞተር ክፍላቸው ቪ8ን እንዲቀበል ሆኖ ስለተቀረጸ ሥራው ይቀላል። በቀደሙት ላይ ግን የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል። ከ1993 እስከ 1995 በተመረተችው የኤም ጂ አር ቪ8 መኪና እንደታየው፣ ቱቦውን በጎማው ቤት ግድግዳ በኩል ማውጣት ይህን ችግር ይፈታል። የትኛዋም ብትሆን ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ባዶውን ሞተርና ካምቢዮውን አንድ ላይ ገጥመው ክፍተቶቹን ይለኩ።

የነባሩ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው የማርሽ ክፍል) ምጥጥን 3.9 ለ1 ሲሆን የፋብሪካው ቪ8 ደግሞ 3.07 ለ1 ነበር። ነባሩን ከተዉት ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት 27 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ይዞራል፤ ነዳጅም ጆሮም ይጎዳል። የፊት ፍሬኑ ወፍራም ዲስክ ያስፈልገዋል፤ ራዲያተሩም ወደ ፊት ተገፍቶ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች ይገጠሙለት። በብሪታንያ የሚኖር ሰው የሞተሩን ለውጥ ለመኪና ምዝገባው መሥሪያ ቤትና ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ አለበት።

የታደሰውን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ ትልቁ ስጋት ዘይት ነው። የዚህ ሞተር የዘይት ፓምፕ ከደረቀ በራሱ ዘይት መሳብ ስለሚያቅተው፣ ከመዝጋትዎ በፊት በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በቫዝሊን ይሙሉት። ከዚያም ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል) አውጥተው የፓምፑን ዘንግ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ያዙሩ፤ ዘይት ሲደርስ መሰርሰሪያው በእጅዎ ውስጥ ይከብዳል፣ የግፊት መለኪያውም ይነሳል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይያዝ እንጂ በዝግታ እንዲዞር አይተው። ሲበርድ የጎደለውን ውኃ ይሙሉ፣ ቡሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ፤ ረዳትዎ ነዳጅ እየሰጠ ሞተሩ ሲናወጥም የጭስ ማውጫው ቱቦ የመሪውን ዘንግ አለመንካቱን በባትሪ መብራት ይመልከቱ።