ሳካሪን ስንጠቀም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ "ቡና ጠጡ" ተብሎ እምቢ ማለት ይከብዳል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ሲኒ በቀረበ ቁጥር ጭንቅ ነው። በስኳር ፋንታ የሚያጣፍጠውን የሳካሪን እንክብል ከፋርማሲ ገዝቶ በኪሱ የሚይዝ ሰው ታዲያ ጥሩ አድርጓል። አጠቃቀሙ ላይ የማያቸው ስህተቶች ግን ያሳስቡኛል፤ አንዱማ ሕይወት ያስከፍላል።

እሱን ላስቀድም፦ ስኳሩ ለወረደበት ሰው ሳካሪን መስጠት። ኢንሱሊኑን ተወግቶ ምግብ የዘገየበት ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ንግግሩ ይምታታል። "ጣፋጭ ነገር ስጡት!" ይባልና፣ ቤት ውስጥ ስኳር መግዛት ከቆመ ስለቆየ ሳካሪን ይበጠበጥለታል። ምላሱን ያጣፍጠዋል እንጂ ደሙን አይደርስለትም። ሳካሪን ኃይል አይሰጥም፣ እንደገባ በሽንት ይወጣል። በዚያ ሰዓት የሚያድነው እውነተኛው ስኳር ነው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩት፣ ካልጨመረ ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን ያንቀዋልና አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት። እባካችሁ፣ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስኳር አይጥፋ።

ሌላው እንደ መድኃኒት መቁጠር ነው። ሳካሪን ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው አለ። በፍጹም! ሳካሪን ስኳር አያወርድም። ሲኒው ውስጥ የሚገባውን ማንኪያ ብቻ ነው የሚተካው፤ ከቡናው ጋር የተቆረሰው ዳቦ ሆድ ከገባ በኋላ ያው ስኳር ይሆናል።

"ኬሚካል ከምጠጣ የአገሬ ማር ይሻለኛል" የሚሉም ብዙ ናቸው። የጅማን ማር ማን ይጠላል? ግን ከ100 ግራም ማር 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው።

ካንሰር ያመጣል ብለው የሚጥሉትም አሉ። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ሳካሪን የተሰጣቸው አይጦች የፊኛ ካንሰር ያዛቸው፣ አሜሪካም ከ1977 ጀምሮ ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ታስጽፍ ነበር። በኋላ ነገሩ ከአይጦቹ ሽንት ባሕርይ የመጣ እንጂ በሰው ላይ እንደማይሠራ ስለታወቀ በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ።

መጠኑንስ? ከስኳር 300 እጥፍ በላይ ስለሚጣፍጥ እንደ ስኳር አይጨመርም፤ ሲበዛ ብረት ብረት ይላል፣ ይመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ያስቀመጠው የቀኑ ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 300 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንዱ ፍሬ ስንት እንደሚይዝ ማሸጊያው ላይ እዩ። ለመክሳት ብላችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለዚያ እንዳንጠቀምበት መክሯል።

የጥርስ ሳሙናም ላይ ሳካሪን አለ፣ ልጆች የሚልሱት ለዚህ ነው። እዚያ ላይ የሚያሰጋው ፍሎራይዱን መዋጣቸው ስለሆነ ለትንንሾቹ የሩዝ ፍሬ ታህል ብቻ ቀቡላቸው። የሳል ሽሮፕ ስትገዙ ደግሞ አንዳንዱ በሳካሪን፣ አንዳንዱ በስኳር ስለሚጣፍጥ ስኳር ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይውሰድ።