ለፈረስዎ ማደሪያ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ፈረስ ሳያምረው አይመለስም። እኔም አማረኝ። ወር ሳይሞላ አንድ ዳማ ፈረስ ገዝቼ ባሕር ዳር ገባሁ። ቤቴ ግን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳው የለም።

ስለዚህ በየወሩ እየከፈሉ የሚያሳድሩበት ጋጣ ፍለጋ ገባሁ። እስካሁን ሦስት ቦታ ቀያይሬያለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ።

ቦታውን በበጋ አይቶ መወሰን

የመጀመሪያውን ጋጣ ያየሁት የካቲት ላይ ነው። ከጣና ብዙም አይርቅም። መሬቱ ደረቅ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ማዶ ታንኳ ይታያል። ሌላ ቦታ ሳላይ እዛው ቀብድ ከፈልኩ።

ሐምሌ ሲገባ ግቢው ማጥ ሆነ። ፈረሴ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያድር ጀመር። አንድ ቅዳሜ የፊት እግሩን አንስቼ ኮቴውን በእንጨት ስጠርግ፣ ከጭቃው ስር ጥቁር ልቁጥ ያለ ነገር ወጣ። ሽታው ለሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀም። ኮቴው ከውስጥ መበስበስ ጀምሮ ነበር። እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ ጋማውን ሳበጥር ነው የከረምኩት፤ ወደ ታች ማየት አልመጣልኝም።

የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ቢቻል ጋጣውን ያኔ ይዩት። በበጋ ከሆነ የሚያዩት፣ የግድግዳውን ግርጌ ያስተውሉ፤ ውሃ የቆመበት መስመር አይጠፋም። ጎረቤቱንም ይጠይቁ። እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ክረምት ላይ እዚህ ምን ትጫማላችሁ?" "ቦቲ" ካሉኝ አመስግኜ እሄዳለሁ።

ለእይታ ብሎ ሐይቅ ዳር ማሳደር

ሐይቁ ለእኛ ነው የሚያምረው። ለፈረስ ሌላ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ ተናካሽ ትንኝ ናት። እርጥብ መሬት ላይ ትራባለች፤ በብዛት የምትናከሰው ጀምበር ስትጠልቅ ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። በሽታው ሳንባ ላይ ከወጣ አብዛኛው ፈረስ አይተርፍም፤ ማታ ደህና የነበረው በማግስቱ አረፋ ደፍቆ ሊገኝ ይችላል። ደግነቱ ክትባት አለው፤ እዚሁ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እዚህ ያሉት ፈረሶች ተከትበዋል? ሲመሽስ ቤት ይገባሉ ወይስ ውጭ ያድራሉ?

ከረግረግ የሚጠጣ ፈረስ ደግሞ አልቅት ይገባበታል፤ አፉና አፍንጫው ውስጥ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጣል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። አጥር የሌለው መስክ ላይ ፈረስ አስሮ መተው እዚያ አያዋጣም።

ምን እና እንዴት እንደሚበላ አለመጠየቅ

ይህ ከሁሉም ይብሳል፤ እኔንም ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ሁለተኛው ጋጣ ባለቤት ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ያደለቡ።

"አያ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበላው?" አልኳቸው።

"ሲርበው ነዋ ልጄ!"

ሳቅን። መሳቅ አልነበረብኝም።

ፈረስ በሬ አይደለም። አያመሰኳም፤ ጨጓራው ለሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እንዲበላ የተፈጠረ እንስሳ ነው። የበላው ካልተስማማውም ማስታወክ አይችልም። ጠዋትና ማታ አንዴ ቆልሎ መስጠት፣ በተለይ እህልና ፉርሽካ፣ ሆዱን ያቆስለዋል ወይም ይነፋዋል። ወደ 250 ኪሎ የሚመዝን የአገራችን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ድርቆሽና ሣር መሆን አለበት። በሙቀት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ቢጨርስ አይግረምዎ። የመኖ ለውጥም ከሳምንት በላይ ወስዶ ቀስ በቀስ ነው የሚደረገው። የእኔ በአንድ ቀን ከሣር ወደ በቆሎ ተዛወረ። ማታ ደወሉልኝ፦ ሆዱን ዞሮ ዞሮ ያያል፣ መሬት ይቧጥጣል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ሐኪም እስኪደርስ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት በልጓሙ ይዤው ስዞር ቆየሁ። ተረፈ።

በማግስቱ መጋዘኑን ገባሁበት። የበቆሎው ጆንያ ከስር እርጥብ ነው። እጄን ሰድጄ አንድ እፍኝ ሳወጣ ፍሬው ግራጫ አቧራ ለብሷል፤ ሽታው የተዘጋ ምድር ቤት። ሻጋታ ያለበት በቆሎ ፈረስን አንጎሉን ጎድቶ ሊገድለው ይችላል። በሬ ይችለው ይሆናል፤ ለፈረስ ግን አይሞከርም። እንግዲህ ጋጣ ሲመርጡ መጀመሪያ መጋዘኑን ያስከፍቱ። ቁልፉ ከጠፋ፣ ሌላ ቀን እንምጣ ቢሏቸውም እሺ ካላሉ፣ ይለፉት።

ኮርቻና ልጓም መዋዋስ

ያልሠራሁት ይህን ብቻ ነው፤ እሱም አንድ የእንስሳት ሐኪም ቀድሞ ስላስጠነቀቀኝ። አገራችን ውስጥ በተለይ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ አለ። ቆዳው ስር እንደ ገመድ እየተከታተለ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ መግል ይወጣዋል። በቁስል በኩል ይገባል፤ ዝንብም ያዛምተዋል፤ ሐኪሞች እንደሚሉት የአንዱን ኮርቻና ማበጠሪያ ለሌላው ማድረግም እንዲሁ። መዳኑ ረጅም ነው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ጋጣው ውስጥ የጋሪ ፈረሶች ካሉ፣ ደረታቸውንና አንገታቸውን ሳያዩ አይወስኑ። ኮርቻዎንም የራስዎ መንጠቆ ላይ ይስቀሉ፤ ይሉኝታ ይቅር።

"ተግባብተናል" ማለት

በአንድ ወረቀት ይጻፉ፦ በወር ስንት፣ መኖ ማን ይገዛል፣ ፈረሱ ቢታመም ሐኪም ማን ይጠራል፣ ማን ይከፍላል፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማን ሊጋልበው ይችላል። የመጨረሻዋ ነጥብ እንዳትረሳ። ፈረሴን የጥምቀት ዕለት መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ጭኖ ነው።

ለብቻው ማሳደር

ፈረስ ብቻውን አይወድም። አጠገቡ የሚያየው እንስሳ ከሌለ ይበሳጫል፣ እንጨት ያኝካል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሌላ ፈረስ ባይኖር አህያም ይበቃል። ርቀቱንም ያስቡ። በክረምት ባጃጅ የማይገባበት ጋጣ ካለዎት፣ ነሐሴን ሙሉ ፈረስዎን የሚያዩት በስልክ ፎቶ ነው።

አሁን ያለበት ሦስተኛው ጋጣ ወደ ዘንዘልማ መውጫ ላይ ነው፤ ከሐይቁ ራቅ ይላል፣ እይታ የሚባል ነገር የለውም። ጣሪያው ግን አያፈስም። ባልደራሱ ወጣት ልጅ ነው፤ ማታ ማታ አንድ አሮጊት አህያ ያስገባና ዳማው ተከትሏት ይገባል። እሷ ቀድማ ካልገባች በሩ ላይ ይገተራል።